የሥራ ልምምድና የመመለስ ግዴታ፦ ከሞጣና ከብቸና የምንማረው

(የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ለሥራ ልምምድ ከመሠማራታቸው በፊት ሞጣ ላይ የተደረገ ንግግር)



በቅርቡ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎቻችን በዚህ ከተማና በብቸና ወደሚገኙ የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶችና ለትርፍ ወዳልቆሙ ድርጅቶች ለሥራ ልምምድ ይሠማራሉ። ስለ ልምምድ ስንነጋገር ዘወትር የምናነሣው ጥያቄ “ተማሪው ምን ይማራል?” የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ግማሽ ነው። እኔ ዛሬ ላተኩርበት የምሻው ሌላኛው ግማሽ፣ ተማሪው ሲሄድ ለተቀበለው መሥሪያ ቤትና ለሕዝቡ ምን ይቀራል የሚለው ነው። የንግግሬ ፍሬ ነገር አጭር ነው፤ ውጤቱ ወደ ተገኘበት ቦታ ያልተመለሰ ልምምድ፣ ለተማሪው ምንም ያህል ከፍ ያለ ነጥብ ቢያስገኝለት፣ አገልግሎት ሊባል አይገባውም።

ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. በጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል የነበረው ተቋም “የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት” የተባለውን መርሐ ግብር ጀመረ። ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ሙሉ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደነገገ፤ አገልግሎቱም ዲግሪ ለማግኘት ቅድመ ሁኔታ ሆነ። አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ፤ ሌሎቹም እንደየሙያቸው በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተመደቡ። ከዚህ መርሐ ግብር ሁለት ነገሮችን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። አንደኛው፣ ተማሪው የሄደው በእርግጥ ሰው ወደሚያስፈልግበት ቦታ ነበር፤ መምህር የሚጠብቅ ክፍል ነበረ። ሁለተኛው ጊዜው ነው፤ አንድ ዓመት ሰውንና ሥራን ለመልመድ፣ ለለመዱትም አንዳች ነገር ለመሥራት ይበቃል።

ከአብዮቱ በኋላ በ1967 ዓ.ም. የተጀመረው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ በመልኩ ይህንን ይመስላል፤ በባሕርዩ ግን ይለያል። ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲዘምቱ፣ የሚሠሩትን የወሰነው በዋናነት የሚቀበላቸው ሕዝብ ሳይሆን ከማእከል የላካቸው መንግሥት ነበር። ፊደል ያስቈጠሩ፣ ጉድጓድ የቈፈሩ፣ ገበሬ ማኅበራትን ያደራጁ ወጣቶች ድካማቸው አይካድም። ይሁንና ጥያቄው ከአካባቢው ተነሥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲመጣና መልእክቱ ከላይ ታስሮ ወደ አካባቢው ሲወርድ ሁለቱ ነገሮች አንድ አይደሉም።

ይህ ልዩነት ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማሳየት ከዚህ አውራጃ የተሻለ ምስክር አላገኝም። የግብርና ገቢ ግብር አዋጅ በ1960 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ተቃውሞው እጅግ ከበረታባቸው የጎጃም አካባቢዎች መካከል ሞጣና ብቸና ይገኙበታል። ታሪክ ጸሐፊው ገብሩ ታረቀ ስለ ኢትዮጵያ የገበሬ ዐመፆች በጻፉት መጽሐፍ በሰፊው እንዳጠኑት፣ የሕዝቡ ሥጋት የግብሩ ልክ ብቻ አልነበረም። የእርሻ ገቢን ለመገመት ወረቀት ይዞ የሚመጣው ሰው፣ ነገ ቃላድ ጥሎ ርስት ሊነቅል ይችላል የሚል ፍርሃት ነበረ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፣ ውዝፍ ግብርም ተማረ።

ተማሪዎቼ፣ መጠይቅ ይዛችሁ በአንድ ገበሬ ደጅ ስትቆሙ፣ “ስንት ጥማድ መሬት አለዎት? ስንት ኩንታል ጤፍ አገኙ?” ብላችሁ ስትጠይቁ፣ ጥያቄያችሁ በዚህ አገር ታሪክ እንዳለው አትዘንጉ። “ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ” ይባላል። ለምን እንደምትጠይቁ፣ መልሱ የት እንደሚደርስና ማን እንደሚያየው ሳትናገሩ መጠየቅ አጥር መነቅነቅ ነው።

ሁለተኛው የአካባቢው ትምህርት የተሻለ ተስፋ አለው። ሞጣንና ጎንደርን በዓባይ ላይ የሚያገናኘውን ሰባራ ድልድይ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ይህ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ወቅት መካከሉ ፈረሰ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሰው በገመድ እየተጐተተ ሲሻገር ኖረ። ኬን ፍራንዝ የተባሉ አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ ይህንኑ የሚያሳይ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አይተው እ.ኤ.አ. በ2001 ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት መሠረቱ፤ በ2002ም የፈረሰው ክፍል ተጠገነ። ብዙዎች የሚያውቁት ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ቀጣዩ ነው። በ2005 ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው። ድርጅቱ ተመልሶ መጣና በ2009 በገመድ የተንጠለጠለ አዲስ መሻገሪያ ተሠራ። አገልግሎትን ከጉብኝት የሚለየው ይህ መመለስ ነው፤ የሠሩት ነገር ምን ላይ እንደደረሰ መጠየቅ፣ ከፈረሰም ዳግመኛ መሥራት።

ታዲያ የእኛ ልምምድ ይመለሳልን? እውነቱን እንነጋገር። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ተማሪው የሚጽፈው ዘገባና ጥናት ግን በእንግሊዝኛ ነው። መረጃው ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ ከጤና ጣቢያ፣ ከገበሬው ደጅ ይወጣል፤ ከመምህራን ፊት ይቀርባል፤ በትምህርት ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የትብብር ደብዳቤ ተቀብለው ባለሙያ መድበው ያስተናገዱ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ በዓመቱ ሌላ ተማሪ ተመሳሳይ ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ፣ “የባለፈው ምን አገኘ?” ብለው ቢጠይቁ የምንሰጣቸው መልስ የለንም። ይህ የሥነ ሥርዓት ጉድለት ብቻ አይደለም። ከሕዝብ የተወሰደ ዕውቀት ለሕዝብ አለመድረሱ ነው።

ስለዚህ አራት ሐሳቦችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የልምምዱ ጥያቄ ከተቀባዩ መሥሪያ ቤት ይነሣ። ተማሪው ርእስ ይዞ ከመሄዱ በፊት መሥሪያ ቤቱ ሊፈታው ያቃተውን አንድ ጉዳይ በጽሑፍ ያቅርብ።

ሁለተኛ፣ ጊዜው ከሥራው ዑደት ጋር ይጣጣም። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ሰኔ 30 ቀን ያበቃል። በጀቱ ከተደለደለ በኋላ የደረሰ ምክር፣ መልካምም ቢሆን፣ ሌላ ዓመት ይጠብቃል።

ሦስተኛ፣ ወጪው ከወዲሁ ይታሰብ። አበል የሌለው ልምምድ በተግባር ቤተሰቡ ሊደግፈው ለሚችል ተማሪ ብቻ የተከፈተ በር ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚገድብ፣ ድርጅቶች ተማሪውን በፕሮጀክት ሥራ ላይ መድበው አበሉንም በፕሮጀክቱ በጀት ውስጥ ከመነሻው እንዲያካትቱ ብንመካከር ይበጃል። ዩኒቨርሲቲውም ድርሻውን ይሸከም፤ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጋር የተቋማቱ ተግባር አድርጎታልና።

አራተኛ፣ ተማሪው ከዲግሪው ጽሑፍ በተጨማሪ ከዐሥር ገጽ ያልበለጠ የአማርኛ ዘገባ ያዘጋጅ፤ ዘገባውንም ጥያቄውን ላቀረቡት ሰዎች ፊት ለፊት ያስረዳ። ይህ ሳይፈጸም የልምምድ ውጤት እንዳይመዘገብ ሐሳብ አቀርባለሁ።

“የአካዳሚ ጥራት ይወርዳል” የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። እኔ በተቃራኒው አምናለሁ። ለመምህር በቃላት መሸፈን የሚቻል ድክመት፣ ሥራውን በየቀኑ በሚሠራው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም የግብርና ባለሙያ ፊት አይሸፈንም። ከዚህ የጠነከረ ፈተና የለንም።

ክቡራን ኃላፊዎች፣ ከእናንተ የምንለምነው ተማሪዎቹን እንደ እንግዳ እንዳታስተናግዷቸው ነው። ሥራ ስጧቸው፤ ሲያጠፉ አርሟቸው፤ ዘገባቸውንም ጠይቋቸው። ካልሰጧችሁም እኛን ጠይቁን። መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ መመለስም ግዴታችን ነው።