ጥጥ ለምን ይነክሰናል?

(በማኅበራችን የወላጆችና የወጣቶች ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጥንቸል ነው። አትሳቁ! እኛ ቤት በዚህ ጉዳይ ብዙ ተጨቃጭቀናል።

ታናሽ ወንድሜ ለልደቱ ነጭ ወንድ ጥንቸል ተሰጠው። ስሙንም ጥጥ አለው። መጀመሪያ ላይ እግሩ ሥር ይተኛ ነበር። አምስት ወር ገደማ ሲሆነው ግን ሌላ እንስሳ ሆነ። እያጉረመረመ እግራችንን ይዞራል፣ የእናቴ ጫማ ላይ ይወጣል፣ ሶፋው ላይ ሽንቱን ይረጫል፣ ይነክሳልም። እናቴ «በቃ፣ ወስዳችሁ ሜዳ ላይ ልቀቁት» አለች። ወንድሜ ያን ማታ ራቱን ሳይበላ ተኛ። ቤት ያደገ ጥንቸል ሜዳ ላይ ቢለቀቅ የውሻና የቀበሮ ሲሳይ እንደሚሆን ያውቃል።

እኔም ጥጥን ይዤ የእንስሳት ሐኪም ጋ ሄድኩ። ሐኪሟ እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። ወንድ ጥንቸል ከሦስት ወር ተኩል እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ለመራባት ይደርሳል። ቴስቶስትሮን የሚባለው ሆርሞን ሲጨምር ሴት ይፈልጋል፣ ቦታውንም በሽንቱ ያስከብራል። መዞሩ፣ መውጣቱ፣ ከሌላ ወንድ ጋር መጣላቱ ሁሉ ከዚህ ይመጣል። መፍትሔው በዕብራይስጥ ሲሩስ፣ በአማርኛ ማኮላሸት የሚባለው ነው። አገር ቤት ሙክት ያየ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም።

እናቴ ግን «ኦሪት ይከለክል የለም ወይ?» አለች። እውነቷን ነው፤ ነገሩ በዘሌዋውያን ምዕራፍ 22 ላይ ተነሥቷል። ስለ ቤት እንስሳ የራቢዎች አስተያየት የተለያየ ስለሆነ አባቴ የሚያምናቸውን ሰው ጠይቆ ወሰነ። ወጣቶች፣ ወላጆቻችሁ እንዲህ ሲጠይቁ «ኋላ ቀር» አትበሏቸው። ጥያቄው ከባድ ጥያቄ ነው።

አሁን ደግሞ ማወቅ ያለባችሁን ልንገራችሁ። ጥንቸል እንደ ውሻና ድመት ከቀዶ ጥገና በፊት ምግብ አይከለከልም። ማስታወክ አይችልም፣ አንጀቱም ባዶ ሆኖ መቆየት የለበትም። ቤት ከተመለሰ በኋላ ግማሽ ቀን ሳይበላ ወይም ሳይጸዳዳ ከዋለ ወዲያው ለሐኪም ይደወላል። ደግሞ ተኮላሽቷል ብላችሁ ወዲያው ሴት ጋ እንዳታስገቡት። እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ማስረገዝ ይችላል።

ለውጡ በአንድ ቀን አልመጣም። ከአንድ ወር በኋላ መርጨቱ ቆመ፣ መዞሩም ቀረ። ብዙ ከቆየ ልማድ ሆኖ ሊቀር ስለሚችል በጊዜ ማድረጋችን ጠቅሞናል።

መንከሱ ግን አልቆመም። አባቴ «ታዲያ ያን ሁሉ ገንዘብ ለምን አወጣን?» አለ። እኔም ተቀምጬ ማየት ጀመርኩ። ጥጥ የሚነክሰው መቼ ነው? እጃችን ከላይ ሲመጣበትና ከመሬት ብድግ ስናደርገው ብቻ ነው። ለካ ጥንቸል ታዳኝ እንስሳ ነው! ከላይ የሚወርድ እጅ ለእሱ እንደ ጭልፊት ነው። ቀዶ ጥገናው ሆርሞኑን ቀነሰ እንጂ ፍርሃቱን አላወጣለትም። ፍርሃቱን የጨመርንበት እኛው ነን።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ እሱን ማንሳት ተወ። ወለሉ ላይ ይቀመጣል፣ የድንብላል ቅጠል ይይዛል፣ ዝም ብሎ ይጠብቃል። መጀመሪያ ጥጥ አልቀረበም። በሁለተኛው ሳምንት ቅጠሉን ከእጁ በላ። ከዚያ በኋላ ራሱ እየመጣ ግንባሩን ለመዳሰስ ይሰጣል። የድሮ ንቃቱ አልጠፋም፤ ማታ ማታ ሳሎን ውስጥ እንደ ፍየል ግልገል ይፈነጫል።

ወላጆች፣ ለልጃችሁ ጥንቸል ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሁሉ አስቡበት፤ የሐኪሙንም ወጪ ጨምራችሁ አስሉ። ወጣቶች፣ ቤት ያለው እንስሳ ጠባዩ ከተበላሸ «ክፉ ነው» ብላችሁ አትጣሉት። የትኛው ከሰውነቱ፣ የትኛው ከእኛ አያያዝ እንደመጣ ለዩ። የመጀመሪያውን ሐኪም ያግዛችኋል፤ ሁለተኛው የእኛው ሥራ ነው።

«ሜዳ ላይ ልቀቁት» ያለችው እናቴ ዛሬ ድንብላል ስትቀነጥስ የጥጥን ድርሻ ለብቻ ታስቀምጣለች።