ሩቅ አገር የሄደች ልጅና የእህትማማቾች ማኅበር
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ክረምት ከሠፈራችን ሦስት ልጆች ለትምህርት ወደ አሜሪካን አገር ስለሚሄዱ፣ «አንቺ ልጅሽን ልከሽ ያየሽውን ንገሪን» ተብዬ በኮሚቴው ታዝዣለሁ። ንግግር የማውቅ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን እኛ ቤት የተሠራው ስሕተት እናንተ ቤት እንዳይደገም ብዬ እሺ አልሁ።

ልጄ የሄደችው ኦሃዮ በሚባለው ግዛት ወደምትገኝ ትንሽ ከተማ ነው። እዚያ ትምህርት የሚጀመረው በነሐሴ ወር ስለሆነ ገና ሦስት ሳምንት ሳይሞላት እንቁጣጣሽ ደረሰ። እኛ ቄጤማ ጎዝጉዘን፣ ዶሮ ሠርተን፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ደወልንላት። እርሷ ዘንድ ለካ ገና ከቀኑ ሰባት ሰዓት ኖሯል። ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ስትሮጥ መተላለፊያ ላይ ቆማ «እንኳን አብሮ አደረሰን፣ ደኅና ነኝ» አለችን። እኛም ደኅና ናት ብለን ተኛን። ይህ «ደኅና ነኝ» የሚባል ነገር ስንቱን ወላጅ እንዳታለለ እግዜር ይወቀው!

በኖቬምበር ወር አራተኛው ሐሙስ ላይ የምስጋና በዓል የሚሉት አላቸው። ተማሪው ሁሉ ወደየቤተሰቡ ይሄዳል። የተማሪዎቹ መኝታ ሕንጻ ወና ይሆናል። ልጄ በዚያ በዓል አራት ቀን ሙሉ ዳቦና ሻይ እየበላች ከማንም ጋር ሳትነጋገር እንደ ዋለች የሰማሁት ከዓመት በኋላ ነው።

ገናን ካለፍን በኋላ አንድ ቀን ደወለችና «እማዬ፣ ሶሮሪቲ ለመግባት አስቤአለሁ፣ የመመዝገቢያ ገንዘብ ያስፈልገኛል» አለችኝ። ምንድን ነው ብንላት፣ የሴት ተማሪዎች ማኅበር ነው፣ ስሙ በግሪክ ፊደል ነው፣ ሲገቡ የሚፈጸም ምሥጢራዊ ሥርዓት አለው አለች። ባለቤቴ «ምሥጢር» የሚለውን ሲሰማ ጊዜ ስልኩን ነጠቀኝ። «እኛ የላክንሽ ለትምህርት ነው ወይስ ለሌላ ሃይማኖት? ለጭፈራ የሚሆን ገንዘብ የለንም!» ብሎ ጮኸባት። እኔም አልገላገልሁም፤ ደገፍሁት እንጂ። ከዚያ በኋላ ልጅቷ መደወል ቀነሰች።

በሚያዝያ ወር እናቴ ዐረፈች። እዚህ የተቀመጣችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ። ጥሩምባው ተነፋ፣ ድንኳኑ ተተከለ፣ ወንበሩና ሰሐኑ ወጣ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከአጠገባችን አልተለያችሁም። ለልጄ ግን «ፈተናዋን ትጨርስ፣ በኋላ እናረዳታለን» ብለን መርዶውን ደበቅን። አያቷ ያሳደገቻት ልጅ ናት። ዋሽንግተን ያለ የዘመድ ልጅ ምንም ሳያውቅ «ነፍስ ይማር» ብሎ በስልክ ጻፈላት። በእኩለ ሌሊት፣ ብቻዋን አነበበችው።

የክፍል ጓደኛዋ ከዚያ ማኅበር ነበረች። ልቅሶውን ስትሰማ ለእህቶቿ ደወለች። ልጆቹ መጡ። ምን እንደሚባል አላወቁም፣ እኛ እንደምንለው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ማለት አያውቁም። መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ሾርባ አመጡ፣ ሁለት ሌሊት በተራ አብረዋት አደሩ። አንደኛዋ መምህሩ ዘንድ ሄዳ ፈተናው እንዲተላለፍላት ለመነች። ልጄ እኮ አባል እንኳ አልነበረችም! እኔ ድንኳን ውስጥ በሰው ተከብቤ ሳለቅስ፣ ልጄን ያስተዛዘኗት ስማቸውን የማላውቃቸው የሰው አገር ልጆች ናቸው።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን መጠየቅ የጀመርሁት። ሶሮሪቲ የሚለው ስም የመጣው በላቲን እህት ከሚለው ቃል ነው። አሜሪካን አገር በኮሌጅ የሚማሩ ሴቶች ጥቂት በነበሩበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1870 ኢንዲያና ውስጥ ካፓ አልፋ ቴታ የተባለው ተቋቋመ። ጥቁር ሴቶች ደግሞ የራሳቸውን አልፋ ካፓ አልፋን እ.ኤ.አ. በ1908 ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ መሠረቱ፤ የእኛው ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማረበት ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያው በ1913 ዴልታ ሲግማ ቴታ ተቋቋመና በተቋቋመ በሁለተኛው ወር አባሎቹ ለሴቶች የመምረጥ መብት በዋሽንግተን አደባባይ ተሰለፉ። ትምህርት ሲያልቅም አባልነቱ አያልቅም። አንዲት አባል ስትሞት እህቶቿ ተሰብስበው የራሳቸውን የመሰናበቻ ሥርዓት ያደርጉላታል። ይህንን ስነግረው ባለቤቴ «ታዲያ እድር ነዋ!» አለ። እድርም ቢሆን፣ ከትውልድ ቀዬው ርቆ ከተማ የገባ ሰው ብቻውን እንዳይቀር ያስፈልገው አልነበር?

ይህን ስል ግን ሁሉም ማኅበር መልካም ነው ማለቴ አይደለም። ክፍያው በየመንፈቁ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፤ የጋራ መኖሪያ ቤት ያላቸው ዘንድማ ከዚያም ይበልጣል። በተማሪ ቪዛ የሄደ ልጅ ደግሞ በትምህርት ወራት መሥራት የሚፈቀድለት እዚያው ግቢ ውስጥ፣ በሳምንት ከ20 ሰዓት ያልበለጠ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ ስትጠይቃችሁ አትጩኹ፤ ጠቅላላው ስንት ነው፣ ቅጣቱስ ስንት ነው፣ ባልችል መውጣት ይቻላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እኛ እድር ስንገባ የምንጠይቀውን ማለት ነው። ከሁሉ የከፋው አዲስ ገቢዎችን መጠጥ በግድ ማጠጣት፣ እንቅልፍ መከልከል፣ መደብደብ የሚባለው ነው። በዚህ የሞቱ ተማሪዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 የወጣው ሕግ ኮሌጆች እንዲህ ያለ በደል የፈጸሙትን ማኅበሮች በይፋ እንዲያስታውቁ ስለሚያስገድድ፣ ልጆቻችሁ ከመመዝገባቸው በፊት ዝርዝሩን ይመልከቱ።

የእኔዋ በሁለተኛው ዓመት ገባች። ግማሹን እኛ ላክን፣ ግማሹን በቤተ መጻሕፍት እየሠራች ከፈለች። የምስጋና በዓል ሲመጣ አሁን የምትሄድበት ቤት አላት። ስለ መርዶው ግን እስከ ዛሬ አልማረችኝም፤ «እማዬ፣ እኔ የቤቱ ሰው አይደለሁም?» ትለኛለች። መልስ የለኝም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ ለጉባኤው አቀርባለሁ። የእድራችን ጸሐፊ በየቤቱ የቤተሰብ ዝርዝር ሲመዘግቡ፣ ውጭ አገር ያለ ልጅ ስም ጎን እዚያ አጠገቡ ያለ የአንድ ሰው ስምና ስልክ አብሮ ይጻፍ። እዚህ ጥሩምባ ሲነፋ፣ ኮሚቴው ለዚያ ሰው ይደውል። ልጁ ቤት ሄዶ፣ ከጎኑ ተቀምጦ እንዲያረዳው። ድምፅ ይሰጥበት ዘንድ እለምናለሁ።