ባጃጅ ከኮቺ እስከ ሺሎንግ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባል ማኅበራት ተወካዮች የቀረበ ንግግር)







በየማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ የትርፍ ክፍፍል ነገር ሲነሳ አንድ ሐሳብ ሳይጠቀስ አይታለፍም። «ባጃጅ እንግዛ» የሚል ነው። ማዳበሪያ ከመጋዘን ታመላልሳለች፣ ወተት ገበያ ታደርሳለች፣ ምጥ የያዛትን እናት ወደ ጤና ጣቢያ ትወስዳለች ይባላል። ከወዲያ በኩል ደግሞ አንድ አባት ይነሱና «ይቺ መጫወቻ መሳይ ዳገት ላይ ስትደርስ ማን ሊገፋት ነው?» ይላሉ። ሳቅ ይሆናል፤ አጀንዳውም ለሚቀጥለው ጉባኤ ይተላለፋል። ለዚህ ክርክር የሚረዳ ወሬ ከወደ ሕንድ አለ። በዚያ አገር በዚችው ባጃጅ ከደቡቡ የባሕር ዳርቻ ተነስተው እስከ ሰሜን ምሥራቁ ተራራ ድረስ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዙ ሰዎች አሉ።

አስቀድሞ ስለ ተሽከርካሪዋ ጥቂት ማለት ይገባል። «ባጃጅ» የሚለው የሕንዱ ፋብሪካ ስም ነው፤ ሕንዶቹ ራሳቸው «አውቶ» ይሏታል። ዘሯ ግን ከጣሊያን ነው። ፒያጆ የተባለው የአውሮፕላን ፋብሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ከተመታ በኋላ ፊቱን ወደ ርካሽ ተሽከርካሪ አዞረ። በመጀመሪያ «ቬስፓ» ማለትም ተርብ የተባለችውን ሞተር ሳይክል ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ ከኋላ ሁለት ጎማ ጨምሮ ዕቃ እንድትጭን አደረጋትና «አፔ» አላት፤ ንብ ማለት ነው። የባጃጅ ኩባንያም በኋላ ከፒያጆ ፈቃድ ወስዶ በሕንድ ማምረት ያዘ። እንግዲህ አያቷ ለሥራ የተወለደች ንብ ነበረች።

ወደ ጉዞው እንመለስ። «ዘ አድቬንቸሪስትስ» የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ «የሪክሾ ሩጫ» የሚባል ጉዞ አስጀመረ። የመጀመሪያው ከኮቺ ወደ ዳርጂሊንግ ነበር፤ በኋላ ሺሎንግና በምዕራብ በኩል ያለችው ጃይሳልመር መድረሻ ሆነዋል። ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሰዎች ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት ባጃጅ ይረከባሉ፣ በቀለም ያሸበርቋታል፣ ሁለት ሳምንት ይሰጣቸዋል። የተወሰነ መንገድ የለም፣ የሚከተል መካኒክ የለም። አዘጋጆቹ ጉዳትም ሞትም ሊደርስ እንደሚችል ሳይደብቁ ይናገራሉ። ሩጫ ይባል እንጂ አንደኛ ለወጣ ሽልማት አይሰጥም፤ መድረስ ነው ቁም ነገሩ።

በቀደሙት ዓመታት የተነዱት ባጃጆች ጉልበታቸው ሰባት የፈረስ ጉልበት ያህል፣ የሞተራቸው ይዘት ከአንድ ብርጭቆ ውኃ ያነሰ ነበር። ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ይቀላቀላል፤ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት። ዘይቱ ከበዛ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ካነሰ ሞተሩ ይነክሳል። በሁለት ሳምንት ለመድረስ በየቀኑ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ ግድ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እያሉ ይህን ማስላት ለማንም አይከብድም፤ ከጧት እስከ ማታ በዚያች ጠባብ ወንበር ላይ መቀመጥ ነው።

መነሻዋ ኮቺ በኬረላ ክፍለ ሀገር የምትገኝ የወደብ ከተማ ነች። አገሩ ቆላማና እርጥብ፣ ኮኮነትና ጎማ ዛፍ የሞላበት ነው። በዚህ ሜዳ ባጃጇ ደስ ብሏት ትሮጣለች። ከኮዚኮድ ወደ ዋያናድ ሲታጠፍ ግን የታማራሴሪ ዳገት ይመጣል። ዘጠኝ የተቆለመሙ ኩርባዎች አሉት፤ ጫፉ ላይ ያለችው ላኪዲ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ላይ ነች። እዚህ አንደኛ ማርሽ ከማስገባት ሌላ ምርጫ የለም። ሻንጣ የበዛበት ቡድን አንዱ ወርዶ በእግሩ ይከተላል። የአባታችን ጥያቄ መልስ እዚህ አለ፤ የሚገፋት ተሳፋሪው ነው። ሞተሩ ሲግል ዳር ይዞ ማቀዝቀዝ እንጂ በንዴት ጋዝ መስጠት አያወጣም።

ከዚያ ወደ ኮዳጉ የሚወጣ መንገደኛ ቡና ያገኛል። ቡናው በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ በዛፎቹ ግንድ ላይ ደግሞ ቁንዶ በርበሬ ተጠምጥሞ ይወጣል። ባባ ቡዳን የሚባሉ የሃይማኖት ሰው በ17ኛው መቶ ዘመን ሰባት ፍሬ ከየመን ደብቀው እንዳመጡ በትውፊት ይነገራል። ወደ የመን ከየት እንደተሻገረ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልግም። አንድ ጥላ ዛፍ ሁለት ገቢ መሸከሙን ግን የቡና ማኅበራት ልብ ቢሉት መልካም ነው።

ከዳገቱ ይልቅ የሚያስፈራው ቁልቁለቱ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ የሚወርድ ሰው ሸክሙን ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይጥላል፤ ፍሬን ሲግል ደግሞ መያዙን ይተዋል። ባጃጅ ፊት ለፊት አንድ ጎማ ብቻ ስላላት ኩርባ ላይ በፍጥነት ከታጠፈች ትገለበጣለች። በወጣችበት ማርሽ ማውረድ ነው ያለው። ፋብሪካው ለሹፌርና ለሦስት ተሳፋሪ የሠራትን ተሽከርካሪ ሰባት ሰውና ሁለት ኩንታል ጭኖ ቁልቁለት የሚለቅ ሰው በየመንገዱ የሚታይ ስለሆነ ይህ ነገር ቢደጋገም አይጎዳም።

ብዙዎቹ ተጓዦች ስለ ሞተር እምብዛም አያውቁም። ስለዚህ ማንም ይተርከው ማን፣ ታሪካቸው አንድ ቦታ ላይ ይመሳሰላል። ባጃጇ ትቆማለች። የፍሪሲዮኑ ካቦ ተበጥሷል፣ ወይም ካርቡሬተሩ ቆሻሻ ይዟል። ማንም ያልነበረበት መንገድ ዳር በጥቂት ደቂቃ ሰው ይሞላል፤ አንዱ ሮጦ መካኒክ ይጠራል። መካኒኩ በነጠላ ጫማ ይመጣል፤ የያዘው ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ሁለት መፍቻ ነው። ቋንቋ ለቋንቋ አይግባቡም። እሱ ግን ድምፅዋን ሰምቶ ያውቃል፤ በዚችው ዓይነት ሞተር ላይ ነው ያደገው። ካቦው ከሱቁ ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሏል። ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ባጃጇ ትነሳለች።

ባጃጇን ሺሎንግ የሚያደርሳት በየከተማው የተቀመጠው ይህ ሰው ነው። በመሆኑም «ባጃጅ እንግዛ» የሚል ማኅበር ከዋጋው በፊት ካቦ የሚሸጠው የት እንደሆነና የሚገጥመው ማን እንደሆነ ቢጠይቅ ይሻላል። መለዋወጫው ያለው ሩቅ ከተማ ከሆነና ባጃጇ ሦስት ቀን ከቆመች የሦስት ቀን ወተት በማን እጅ ይበላሻል? ከአባላት ልጆች አንዱን ጋራዥ ልኮ ማሠልጠን የግዢው አካል መሆን አለበት።

መንገዱ ወደ ምሥራቅ ዞሮ የደካንን ደረቅ አምባ ካቋረጠ በኋላ በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ወደ ሰሜን ይወጣል። የጎዳቫሪ ወንዝ ዝቅተኛ ሜዳ በመስኖ የሚለማ የሩዝ ማሳ ነው። አስፋልቱ ሰፊ ቢሆንም አደጋው የበዛው እዚህ ነው። ከባድ መኪኖች በአጠገብ ሲያልፉ ነፋሳቸው ብቻ ባጃጇን ያናውጣታል። በጀርባቸው ላይ «ጡሩምባ ንፉ» የሚል ጽሑፍ በቀለም ያምራል፤ የባጃጅ ጡሩምባ ግን ለእነሱ የጥጃ ድምፅ ነው። መሽቶ መንዳት እብደት ነው።

እውነቱን ለመናገር ጉዞው ቅሬታም ይፈጥራል። ለመጤው የሁለት ሳምንት ጨዋታ የሆነችው ባጃጅ ለሕንዱ ሹፌር የልጆቹ እንጀራ ነች። እሱ ጭሱንና ሙቀቱን ዕድሜውን ሙሉ ይችለዋል፤ ጋዜጠኛ ግን አይጠይቀውም። ተጓዦቹ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ማሰባሰባቸው ደግ ነው፤ ቢሆንም ስለ ባጃጅ ምክር የሚፈልግ ሰው ቢመርጥ የሚሻለው ሹፌሩን ነው።

ከኮልካታ በስተሰሜን፣ ክሪሽናናጋር አካባቢ፣ የሐሩር ክልል ወሰን ያልቃል። ቀጥሎ የጋንጀስ ወንዝ በፋራካ ግድብ ላይ ይሻገራል፤ ርዝመቱ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በነሐሴ የተጓዙ ቡድኖች ከመነሻቸው ጀምሮ ዝናብ አልተለያቸውም። በር የሌላት ባጃጅ ውስጥ ሰውም ሻንጣም ይርሳል፤ ጎርፍ ውስጥ ገብታ ውኃ ሞተሩን ከነካው ካንዴላውን አውጥቶ ማድረቅ ነው።

የመጨረሻው ቀን ከጉዋሃቲ ይጀምራል። ሺሎንግ ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነች፤ ከፍታዋ ግን 1,500 ሜትር አካባቢ ነው። 3,000 ኪሎ ሜትር የደከመች ሞተር ያንን ዳገት በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ፣ እየቆመችና እየቀዘቀዘች፣ በደመና ውስጥ ትወጣዋለች። ከኋላዋ የተሰለፉት ከባድ መኪኖች ጡሩምባቸውን ይነፋሉ። እሷ ዳሯን ይዛ ትሄዳለች።