ጠላ በቤት መጥመቅ ያዋጣል ወይ?

(ለንባብ ተከታታዮች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጠላ ነው። ጠላ ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብናል። ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ ይጠመቃል። ለማኅበር፣ ለሰንበቴ፣ ለሠርግ፣ ለደቦ ይጠመቃል። ጠላ እየሸጡ ልጅ የሚያሳድጉ እናቶችም በየከተማው አሉ። እንግዲህ ጥያቄያችን፣ ጠላ በቤት መጥመቅ ለድካሙ ያዋጣል ወይ? የሚል ነው።

«ይሄ ምን ጥያቄ አለው? እናቶቻችን ሲጠምቁ ኖሩ፤ እኛም እንጠምቃለን» የሚል ይኖራል። «ዛሬ ቢራ በየሱቁ ሞልቶ ማን በጭስ ይጨናበሳል!» የሚልም አይጠፋም። ሁለቱም ግን ሳይቆጥሩ ነው የፈረዱት። እኛ ማንበብ፣ መጻፍና መደመር ከተማርን ወዲያ ነገሩን በግምት መተው የለብንም። እስቲ ደብተርና እርሳስ ይዘን እንቁጠረው።

ድካሙ ምን ያህል ነው?

አጠማመቁ ከአገር አገር ይለያያል። በአንዱ አገር ገብስ፣ በሌላው ዳጉሳ ወይም በቆሎ፣ ወይም ማሽላ ይገባበታል። ዋናው ሥራ ግን ይቀራረባል።

በመጀመሪያ ብቅሉ አለ። ገብሱ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ በቅጠል ተሸፍኖ እስኪበቅል ይጠበቃል፤ ሲያበቅል ይሰጣል፤ ሲደርቅ ይፈጫል። ጌሾው ደርቆ ይወቀጣል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ተፈትጎ ይታጠባል፤ በወይራ እንጨት ይታጠናል። ከዚህ በኋላ የተወቀጠው ጌሾ በውኃ ይጠነሰሳል። ጥንስሱ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ቂጣ ተጋግሮ እየተቆራረሰ ከብቅሉ ጋር ይጨመርበታል። አሻሮው ተቆልቶና ተፈጭቶ ይገባል። ይህ ድፍድፉ ነው። ድፍድፉም ቀናት ይቆይና ውኃ ተሞልቶበት አፉ ይታፈናል። ከዚያ በኋላ ነው «ጠላው ደረሰ» የሚባለው።

እንግዲህ አንድ ብርጭቆ ጠላ ስንጠጣ የአንድ ሳምንትና የሁለት ሳምንት ሥራ እየጠጣን ነው። ውኃውን የቀዳ፣ እንጨቱን የተሸከመ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ የጠበቀ፣ ምጣድ ላይ የተንገበገበ ሰው አለ። ያ ሰው ማነው? ብዙ ጊዜ የቤቱ እናት ናት፤ ወይም ሴት ልጅ ናት። ጠጪው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ይህን እናስታውስ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በጋኑ ውስጥ ምን ይደረጋል?

እናቶቻችን በልምድ የሚያውቁትን ነገር ሳይንስም ምክንያቱን ያስረዳል። ገብስ ሲበቅል በውስጡ ስታርች የሚባለውን የእህሉን ዱቄት ወደ ስኳር የሚለውጥ ነገር ይፈጠራል። ብቅል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ሕያዋን፣ ማለት እርሾው፣ ስኳሩን ይመገቡና አልኮልና አየር ያወጣሉ። ድፍድፉ የሚፈላው እሳት ሳይነካው በዚህ አየር ነው። ጌሾው ምሬት ይሰጣል፤ ጠላውን የሚያበላሹትንም ረቂቅ ሕያዋን ይከላከላል። ግራዋውና የወይራው ጭስም ጋኑን ያጸዳሉ፤ መዓዛም ይጨምራሉ።

የቢራ ፋብሪካም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የቢራ ፋብሪካ በአዲስ አበባ የተቋቋመው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1922 ነው። ፋብሪካውም ብቅል ይጠቀማል፤ እርሾ ይጠቀማል። በጌሾ ፈንታ ሆፕ የሚባል መራራ ተክል ያስገባል። ልዩነቱ ፋብሪካው ሙቀቱን በመሣሪያ ይለካል፤ ያጣራል፤ በጠርሙስ ያሽጋል። ስለዚህ ቢራው ወራት ይቆያል። የቤት ጠላ ግን አየር ሲገባው ይኮመጥጣል፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ካልተጠጣ ወደ ሆምጣጤ ይሄዳል። ይህም በሒሳባችን ውስጥ መግባት ያለበት ነገር ነው፤ የኮመጠጠ ጠላ የተደፋ እህል ነውና።

አሁን እንደምር

ጠላ እየሸጠች የምትተዳደር አንዲት እናት እንውሰድ። የብሩ ዋጋ ከቦታ ቦታ፣ ከገበያ ገበያ ስለሚለያይ ከዚህ በታች ያለው ቁጥር ለመለማመጃ ብቻ ነው። እናንተ የራሳችሁን ዋጋ አስገቡበት።

ይህች እናት አንድ ጋን ጠላ ሸጣ 1,800 ብር አገኘች እንበል። ለጌሾና ለብቅል 300 ብር፣ ለወፍጮ 50 ብር አውጥታለች። ድምሩ 350 ብር ነው። «1,450 ብር አተረፍኩ» ብላ ደስ ይላታል።

ግን ቆይ! እህሉስ? «እህሉማ ከቤት ነው» ትላለች። ከቤት ቢሆንም እህሉ ገበያ ቢወጣ 700 ብር ይሸጥ ነበር። እንጨቱስ? «እንጨቱም ከጓሮ ነው»። እሱም ቢገዛ 250 ብር ያስወጣል። እንግዲህ እውነተኛው ወጪ እንዲህ ነው፦

ጌሾና ብቅል 300 ብር
ወፍጮ 50 ብር
እህል 700 ብር
እንጨት 250 ብር
ድምር 1,300 ብር

ከ1,800 ላይ 1,300 ሲቀነስ 500 ብር ይቀራል። 1,450 የመሰለው ትርፍ 500 ሆነ ማለት ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ገና አልጨረስንም። የድካሙ ሰዓትስ? እሱንም እንጻፈው፦

ጌሾ ማድረቅና መውቀጥ 3 ሰዓት
ብቅሉን መዘፍዘፍ፣ ማየትና ማስጣት 3 ሰዓት
ወፍጮ ቤት 3 ሰዓት
ውኃ መቅዳት 4 ሰዓት
ጋን ማጠብና ማጠን 2 ሰዓት
ቂጣ መጋገር 3 ሰዓት
አሻሮ መቁላት 4 ሰዓት
መበጥበጥ፣ መሙላትና ማጥለል 3 ሰዓት
ሦስት ቀን ቁጭ ብሎ መሸጥ 18 ሰዓት
ድምር 43 ሰዓት

500 ብር ለ43 ሰዓት ሲካፈል ለአንድ ሰዓት 11 ብር ከ60 ሳንቲም ገደማ ይደርሳል። እናቲቱ ይህን ስታይ፣ «ለሰው ልብስ ባጥብ በሰዓት ስንት አገኝ ነበር?» ብላ ማወዳደር ትችላለች። ሳትቆጥር ግን ማወዳደር አትችልም።

ታዲያ ጠላ መሸጥ ይቅር እያልን ነው? አይደለም። ሒሳቡ ሌላም ወገን አለው። ጠላ የምትሸጥ እናት ልጇን ከሥሯ አድርጋ ትሠራለች። ደጃፏ ላይ በእንጨት ጫፍ ጣሳ ደፍታ ከተከለች ምልክቱ ይበቃል፤ የሱቅ ኪራይ የለባትም። ገንዘቡ በገዛ እጇ ይገባል። አተላው ለላምና ለበግ ቀለብ ይሆናል፤ ለጎረቤትም ይሸጣል። ይህ ሁሉ በቀኝ በኩል ይጻፍ። ወጪውና ድካሙ ደግሞ በግራ በኩል ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ነው «ያዋጣል» ወይም «አያዋጣም» የሚባለው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ እንናገር። የጠላ ሻጭን ትርፍ ከሁሉ በላይ የሚበላው ዱቤ ነው። «ነገ እከፍላለሁ» የሚል ጠጪ ሦስት ብርጭቆ ጠጥቶ ቢጠፋ የስንት ሰዓት ድካም ይዞ እንደሄደ ከላይ ባለው ሒሳብ አስሉት። ዱቤ መስጠት ግድ ከሆነም ስሙ፣ ቀኑና ልኩ ይጻፍ። የተጻፈ ዱቤ ይጠየቃል፤ ያልተጻፈ ዱቤ ይረሳል።

ለድግስስ?

ለድግስ የሚጠመቀው ጠላ ሒሳቡ ሌላ ነው። መቶ ሰው ለሚጠራ ድግስ ቢራ በሳጥን መግዛት ብዙ ቤተሰብን ዕዳ ውስጥ ይከታል። ጠላ ግን በአንድ ጋን ብዙ ሰው ያጠጣል። ለደቦ የመጣ ሰው ቀኑን ሙሉ አጭዶ ሲውል ጠላው የምስጋና ቃል ነው። በብር የማይገዛ ጉርብትና አለበት። በዚህ በኩል፣ አዎን፣ ያዋጣል እንላለን።

ነገር ግን መጠን አለው። «የእነ እገሌ ድግስ ሁለት ጋን ነበረው፤ የእኛ አራት ይሁን» የሚባለው ፉክክር ነው። በጥር ሠርግ ላይ የፈሰሰው እህል በሐምሌና በነሐሴ፣ ጎተራው ባዶ ሲሆን፣ ይፈለጋል። ያን ጊዜ ልጅ «እናቴ፣ ራበኝ» ሲል ጠላው አይመልስለትም። ስለዚህ ከመጥመቃችን በፊት እስከ መጪው አዝመራ ለቤተሰቡ የሚበቃውን እህል ለክተን ለብቻ እናስቀምጥ። የሚጠመቀው ከዚያ የተረፈው ይሁን።

ድካሙን እንዴት እንቀንስ?

አንደኛ፣ በኅብረት እንጥመቅ። ሦስት ጎረቤታሞች ብቅሉን አንድ ላይ ቢያበቅሉ፣ ወፍጮ ቤት በተራ ቢሄዱ፣ በአንድ ምጣድ ቢጋግሩ ጊዜውም እንጨቱም ይቀንሳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ?

ሁለተኛ፣ እህል የሚገዛ ሰው በአዝመራ ወቅት ይግዛ። ያን ጊዜ ይረክሳል።

ሦስተኛ፣ እንጨት ቆጣቢ ምድጃ እንጠቀም። ጭሱ ለዓይንና ለሳንባ ጠንቅ ነው። ጭስ መውጫ ያለው ማድ ቤት ለጠማቂዋ ጤና ይበጃል።

አራተኛ፣ ወንዶችም እንርዳ። ውኃ መቅዳትና እንጨት መፍለጥ የማንንም ክብር አይቀንስም። ጠላው ሲቀዳ ቀድሞ ብርጭቆ የሚዘረጋ እጅ፣ ሲጠመቅም እንስራውን ቢያነሣ ምን ይለዋል?

ጥንቃቄ

እህል ሻጋታ ከያዘው ለጠላ አይሆንም። «ለጠላ ነው፣ ምን አለበት» ብሎ የሻገተ እህል መጨመር አደገኛ ነው። አንዳንዱ ሻጋታ ጉበት የሚጎዳ መርዝ አለው፤ ያም መርዝ በመቁላትም በማፍላትም አይጠፋም።

ውኃው ንጹሕ ይሁን። ከምንጭ ወይም ከወንዝ የመጣ ከሆነ ይፈላና ይቀዝቅዝ።

ዛሬ በጋን ፈንታ የፕላስቲክ በርሜልና ጀሪካን የሚጠቀሙ ብዙ ናቸው። የተባይ መድኃኒት ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበት ዕቃ ግን ምንም ቢታጠብ ለጠላ አይሁን።

ጠላ አልኮል አለው። አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 2 እስከ 4 እጅ ይሆናል፤ ፊልተር የሚባለው ከዚያ ይበረታል። ስለዚህ ለሕፃናት አይሰጥ፤ ቅራሪም ቢሆን አይሰጥ። እርጉዝ ሴት ጠላ ባትጠጣ ይሻላል፤ አልኮሉ ወደ ፅንሱ ያልፋልና። ለእነርሱም ሆነ ለማይጠጣ እንግዳ አልኮል የሌለው መጠጥ ማዘጋጀት ይቻላል።

እንግዲህ ምን እንላለን?

ጠላ በቤት መጥመቅ ያዋጣል ወይ ለሚለው ጥያቄ ለሁሉ ቤት የሚሆን አንድ መልስ የለም። ለልኩ ድግስ፣ ለደቦና ለጎረቤት፣ በኅብረት ከተሠራ ያዋጣል። ለፉክክር፣ የልጅን ቀለብ ነክቶ ከሆነ አያዋጣም። ለሽያጭ ከሆነ ደግሞ መልሱ በደብተራችሁ ውስጥ ነው። ደብተሩም እውነት የሚናገረው እህሉ፣ እንጨቱና የጠማቂዋ ሰዓት ሳይጎድል ሲጻፍበት ነው። እስከ ዛሬ ከሒሳቡ የቀረው የእርሷ ድካም ነበርና፣ ከዛሬ ጀምሮ በመጀመሪያው መሥመር ላይ ይጻፍ።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. በእናንተ ቤት ለአንድ ጋን ጠላ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ከሥራው ውስጥ የትኛውን ማን ይሠራል? ጽፋችሁ ደምሩ።
2. ከላይ ያለችው እናት ከአተላው 120 ብር ብታገኝ ትርፏ ስንት ይሆናል? ለአንድ ሰዓትስ ስንት ይደርሳል?
3. በሠፈራችሁ ለድግስ የሚጠመቀው ጠላ ልክ አለው ትላላችሁ? ልኩን የሚወስነው ማን ቢሆን ይሻላል?