ወገባችንና የእርጅና ቅናሽ

(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ፣ ቦንጋ፣ በሂሳብ ሠራተኛችን የቀረበ ንግግር)



እኔን የምታውቁኝ በቁጠባ ደብተርና በደረሰኝ ነው። ዛሬ ስለ ወገብ ልናገር ስነሳ አንዳንዶቻችሁ «ሂሳቡን ትታ ሐኪም ሆነች» ሳትሉ አትቀሩም። ሐኪም አይደለሁም። ነገሩ የመጣው ከእናቴ ቤት ነው።

እናቴ ጊምቦ ወረዳ ትኖራለች። እንሰት ስትፍቅ፣ ቡና ስትለቅም፣ ውሃና እንጨት ስትሸከም የኖረች ሴት ናት። የዛሬ ሦስት ዓመት ወገቧን ያዛትና ለምርመራ ወሰድናት። ራጅ ተነሳች፤ «የወገብሽ ዲስክ አልቋል፣ ከእንግዲህ ከባድ ነገር እንዳትነኪ» ተባለች። እኔም የተማርኩ ልጅ ነኝ ብዬ ትእዛዙን ባሰ አጠበቅሁት። ማሰሮ ስታነሳ ካየኋት እቆጣለሁ፤ ጓሮ ወጣች ሲሉኝ ስልክ ደውዬ እጨቃጨቃለሁ። እሷም ታዘዘችኝ። ተኛች። አራት ወር ሳይሞላ ከመደብ ለመነሳት የሰው እጅ የምትፈልግ ሆነች። ሕመሙ ግን አልቀነሰም።

በኋላ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አገኘን። በሆዷ አስተኝቶ ጀርባዋን በጣቱ ሲዳስስ ቆየና «ስለ አጥንቷ ነግረውሻል፤ ስለ ጡንቻዋስ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠይቄና አንብቤ የገባኝን ነው የምነግራችሁ።

በሂሳብ ሥራ የእርጅና ቅናሽ የምንለው ነገር አለ። አንድ ወፍጮ ከተገዛ ጀምሮ በየዓመቱ ዋጋው በመዝገብ ላይ ይቀነሳል፤ አንድ ቀን ዜሮ ይደርሳል። ታዲያ በመዝገብ ዜሮ የሆነ ወፍጮ ስንት ዓመት ሲፈጭ አይተናል! ዘይት የሚቀባውና ብሎኑን የሚያጠብቅለት ካለ ይሠራል። ወገብም እንደዚያ ነው። የታችኛው ጀርባችን 5 አጥንቶች አሉት፤ በመካከላቸው ዲስክ የሚባል ትራስ አለ፤ ዙሪያው ጠንካራ፣ መሃሉ ውሃ ያዘለ። ዕድሜ ሲገፋ ውሃው ይቀንሳል፣ ትራሱ ይሳሳል። ይህ በሁላችንም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ የወጣ አንድ ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ምንም ሕመም ከሌላቸው የ20 ዓመት ወጣቶች መካከል ከ100ው 37ቱ የዲስክ ማርጀት ምልክት አለባቸው፤ በ80 ዓመታቸው ደግሞ ከ100ው 96ቱ። ሕመም ከሌላቸው ሰዎች ነው የምላችሁ። እንግዲህ በምስሉ ላይ ማርጀት መታየቱ ብቻውን የፍርድ ወረቀት አይደለም።

ጡንቻው ግን ሌላ ነው። ከአከርካሪው ግራና ቀኝ፣ አጥንት ላይ ተጣብቀው የሚሄዱ አጫጭር ጡንቻዎች አሉ፤ ሐኪሞቹ መልቲፊደስ ይሏቸዋል። ድንኳን ስንተክል ምሰሶውን ከየአቅጣጫው የሚወጥሩትን ገመዶች አስቡ። ወገብ ሲታመም እነዚህ ጡንቻዎች ቶሎ ይሟሽሻሉ፤ ሲቆይም ሥጋው ቦታውን ለስብ ይለቃል። ዲስኩ ባረጀበት ቦታ ጡንቻውም የሳሳ ሆኖ በብዛት ይገኛል። የቱ ቀድሞ የቱን እንደሚያመጣ ተመራማሪዎቹ ዛሬም ይከራከራሉ፤ እናቴን ያየ ግን አንዱ ሌላውን እንደሚጎትት አይጠፋውም። የከፋው ነገር፣ ሕመሙ ለቀቀ ማለት ጡንቻው ተመለሰ ማለት አለመሆኑ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ወገባቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ የታመሙ ሰዎችን በሁለት ከፍለው ተከታተሏቸው። ለእነዚያ ጡንቻዎች የተለየ እንቅስቃሴ ከሠሩት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕመሙ የተመለሰባቸው ከ100ው 30 ያህል፣ ካልሠሩት ከ100ው 84 ያህል ሆኑ። ትንሽ ጥናት ነው፤ ልዩነቱ ግን ለሂሳብ ሠራተኛ ዓይን ትልቅ ነው።

አሁን ከመካከላችሁ «እኛ ከማለዳ እስከ ማታ እየሠራን ጡንቻችን እንዴት ይደክማል?» የምትል አለች። እኔም ይህንኑ ጠይቄ ነበር። መልሱ፣ ጡንቻ የሚጠነክረው ሠርቶ ሲያርፍና እንቅስቃሴው ሲለዋወጥ ነው። እንሰት ስንፍቅ ወይም በርጩማ ላይ ተቀምጠን ቡና ስንለቅም ግን ለሰዓታት አንድ ላይ ታጥፈን እንቆያለን። ጡንቻው ይዝላል፤ ሸክሙ ወደ ጅማቱና ወደ ዲስኩ ይወርዳል። እኔ ደግሞ ከዚህ የባስኩ ነኝ፤ የበጀት መዝጊያ ሲደርስ ከወንበር ሳልነሳ እውላለሁ።

የአነሳስ ነገር ደግሞ ቁጥሩ ያስደነግጣል። የጀርባ ጡንቻ አከርካሪውን የሚስበው ከ5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርቀት ነው። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። እጃችንን ዘርግተን ከወገባችን 50 ሳንቲ ሜትር ርቆ ስናነሳው ርቀቱ የጡንቻውን 10 እጥፍ ነውና፣ ጡንቻው 200 ኪሎ ያህል መሳብ አለበት፤ የራሳችን ክብደት ሳይቆጠር። ያንኑ ጀሪካን ወደ ሰውነታችን አስጠግተን፣ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ብናነሳው 80 ኪሎ ይሆናል። ጀሪካኑ ያው፣ ውሃው ያው!

እናቴ የጀመረችው በመራመድ ነው። መጀመሪያ እስከ አጥር፣ ከዚያ እስከ ጎረቤት። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ሌላ የአውስትራሊያ ጥናት ከወገብ ሕመም ያገገሙ 701 ሰዎችን አይቶ ነበር። ቀስ በቀስ በሳምንት 5 ቀን 30 ደቂቃ ወደ መራመድ እንዲደርሱ የታገዙት፣ ሕመሙ ሳይመለስባቸው በአማካይ 208 ቀን ሲቆዩ ሌሎቹ 112 ቀን ቆዩ። እኛ ሴቶች መቼም መንገድ አናጣም፤ ያለ ሸክም መሄድ ነው ብርቁ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ሰሌን ላይ በእጇና በጉልበቷ ተንበርክካ ቀኝ እጇንና ግራ እግሯን ትዘረጋለች፣ ትንሽ ቆይታ ትለውጣለች። ልጆቹ ይስቁባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

መቀነትን በተመለከተ ብዙ ጠይቃችሁኛል። ከባድ ሥራ ባለበት ሰዓት ወገብን ጠበቅ ማድረግ አይከፋም፤ ቀኑን ሙሉ መታሰር ግን የጡንቻን ሥራ አይተካም።

አንድ ነገር ግን በእንቅስቃሴ የማይታለፍ አለ። እግር ከዛለ፣ በጭን መካከልና በመቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት አልቆጣጠር ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ከወገብ ሕመም ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ካለም የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላልና ወጌሻ ጋ አትሂዱ፤ ተመርመሩ። በመድኃኒት ይድናል።

እናቴ ዛሬም ወገቧ አልፎ አልፎ ያማታል። ዲስኳ እንደገና አልወፈረም፣ አይወፍርምም። ግን በዘንድሮው የቡና ለቀማ ወጥታለች፤ ውሃም በ10 ሊትር ጀሪካን ሁለት ጊዜ እየተመላለሰች ትቀዳለች። እኔም መቆጣት ትቻለሁ።

ለኮሚቴው ሁለት ጥያቄ አለኝ። ቡና የምንለቅምበትን ጠረጴዛ ቆመንም ተቀምጠንም እንድንሠራ በሁለት ቁመት እናሠራው፤ በየሰዓቱም ከመቀመጫ መነሻ ደወል ይኑረን። ወጪውን አስልቼ ለገንዘብ ያዣችን ሰጥቻለሁ። አሁን ከሻዩ በፊት ሰሌኑን እንዘርጋውና የምትፈልጉ ከእኔ ጋር ሞክሩት።