ቱቦው የሚያልፍበት መንገድ
(የአውቶ መካኒክ ክበብ ተማሪዎች በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ያደረጉት ንግግር)



በዛሬው የትምህርት ቤታችን በዓል በዚህ ጉባኤ ፊት ቆመን እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን በክበባችን ስም ምስጋናችንን እናቀርባለን። ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ታሪክ፥ ስለ ጤናና ስለ ሥነ ጽሑፍ መልካም መልካሙን አሰምተዋችኋል። የእኛ ጉዳይ ግን ከኮፈን ሥር ያለ፥ ዘይትና ጥላሸት የነካው ነው፤ ይኸውም የአንድ ካሚዮን የውሃ ቱቦ ነው። «ስለ ቱቦ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልጋል?» የሚል ቢኖር አንቀየምም፤ እኛም ባለፈው ዓመት እንደዚሁ ብለን ነበርና። እንደዚያ በማለታችን የደረሰውን ነገር ዛሬ ሳንደብቅ እንነግራችኋለን።

አስቀድመን ቱርቦ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ በአጭሩ እንግለጽ። ሞተር ነዳጅን የሚያቃጥለው ከአየር ጋር አዋሕዶ ነው። አየር ካነሰው ነዳጁ በሚገባ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሁኖ ይወጣል፤ ጉልበቱም ይደክማል። አገራችን ደጋ የበዛባት ስለሆነች ይህ ነገር በይበልጥ ይነካናል። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነውና።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ከሰጡት ሰዎች አንዱ የስዊስ አገር መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ ነበር። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1905 ያቀረበው አሳብ ይህ ነው፦ ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ አንዲት ባለ ክንፍ መንኰራኵር ያዞራል፤ በዚያው ዘንግ ላይ ያለችው ሁለተኛይቱ መንኰራኵር ደግሞ ንጹሑን አየር ጨምቃ ወደ ሞተሩ ትልካለች። በከንቱ ይባክን የነበረው ጭስ ሥራ ያዘ ማለት ነው።

ነገር ግን አየር ሲጨመቅ ይግላል። የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ሁሉ የፓምፑ ጫፍ እንዴት እንደሚሞቅ ያውቃል። በ25 ዲግሪ የገባ አየር በሁለት ተኩል እጥፍ ሲጨመቅ እስከ 150 ዲግሪ ገደማ ሊደርስ ይችላል። የጋለ አየር ደግሞ ሳሳ ያለ ነው። ያው አየር ወደ 50 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፥ በዚያው ግፊትና በዚያው ስፍራ ውስጥ 30 በመቶ ያህል ብልጫ ያለው አየር ይገባል። ይህን የማቀዝቀዝ ሥራ የሚሠራው ዕቃ ኢንተርኩለር ይባላል።

ኢንተርኩለር ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው በመኪናው ፊት ተቀምጦ በነፋስ የሚቀዘቅዘው ነው፤ በመንገዶቻችን ላይ የምናያቸው የብዙዎቹ ካሚዮኖች ይህ ነው። ሁለተኛው በውሃ የሚቀዘቅዘው ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ጂኤምሲ ሳይክሎን የተባለው ፒካፕ፥ እንዲሁም ከ2011 ሞዴል ጀምሮ ፎርድ በትልልቅ ፒካፖቹ ላይ የገጠመው 6.7 ሊትር ናፍጣ ሞተር በዚህ ዐይነት ይሠራሉ። የዚህ ውሃ ከሞተሩ ውሃ የተለየ መሆን ይገባዋል። የሞተሩ ውሃ ራሱ 90 ዲግሪ ያህል እየሞቀ አየሩን እንዴት 50 ሊያደርሰው ይችላል? ስለዚህ የራሱ ትንሽ ራዲያተር፥ የራሱ ፓምፕና የራሱ ቱቦዎች ይኖሩታል። እነዚህ ቱቦዎች ናቸው እኛን ያስተማሩን።

የክበባችን አባል የሆነች የአንዲት ጓደኛችን አባት ሾፌር ናቸው። አንድ አሮጌ ካሚዮን ገዝተው ከጎጃም ጤፍ እየጫኑ ወደ አዲስ አበባ በማመላለስ ቤተሰባቸውን ያስተዳድራሉ። የቀድሞው ባለቤት በመኪናው ላይ ባለ ውሃ ኢንተርኩለር አስገጥሞ ነበር። ቱቦዎቹ ግን አርጅተው ስለ ተሰነጣጠቁ፥ በልኩ የተሠራም በገበያ ስለ ታጣ፥ ጋሼ ወደ ክበባችን መጡ። እኛም ደስ አለን፤ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቀጥ ያለ የጎማ ቱቦ ቆርጠን፥ በፋሸታ አጥብቀን፥ ውሃ ሞልተን አስረከብናቸው። መምህራችን በዚያ ቀን አልነበሩም። ሥራው ፈጥኖ በማለቁ ኮራን። ቱቦውም እንዳይረዝም ብለን በአቋራጭ፥ በቱርቦው አጠገብ አሳልፈነው ነበር።

በሁለተኛው ጉዞአቸው ጋሼ ጤፍ ጭነው ዓባይን ከተሻገሩ በኋላ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚያወጣውን ዳገት ያዙ። ከድልድዩ እስከ አፋፉ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ የሚወጣበት መንገድ ነው። በእኩሌታው ላይ መኪናው ጉልበት አጣ፤ ጥቁር ጭስ ያወጣ ጀመር። የሙቀት መለኪያውን ቢያዩት ደኅና ነው፤ መለኪያው የሚያነበው የሞተሩን ውሃ እንጂ የኢንተርኩለሩን አይደለምና። ጥቂት ቆይቶ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። ቱቦው ተሰንጥቆ ውሃው በሙሉ ፈሶ ነበር። ጋሼና ረዳታቸው ጎማው ሥር ድንጋይ አድርገው በዚያ ገደል አፋፍ አደሩ፤ በማግሥቱም ነዳጁን በቀስታ እየረገጡ በአንደኛ ማርሽ ወጡ። ጭነቱ አንድ ቀን ስለ ዘገየ ነጋዴው ከኪራዩ ቀነሰባቸው።

ሲመለሱ አልተቈጡንም፤ የተሰነጠቀውን ቱቦ ጠረጴዛው ላይ አኖሩልንና ሄዱ። ይህ ከቍጣ ይልቅ ከበደን። ጓደኛችንም ያን ሳምንት ሙሉ ከእኛ ጋር ብዙ አልተነጋገረችም። እኛ ግን መምህራችን በጠየቁን ጊዜ «ጎማው መናኛ ሁኖ ነው» አልናቸው። መምህራችንም፥ «እንግዲያውስ ቱቦውን ወደ ነበረበት መልሱትና እዩት» አሉን። መልሰን ብናየው የተሰነጠቀው ወገን ልክ በቱርቦው ፊት ለፊት ያለው ነበር፤ እርሱም ጠንክሮ እንደ ከሰል ጠቍሯል። በመታጠፊያው ላይ ተጨፍልቋል፤ በሌላ በኩል ደግሞ አንድ ብረት እየፈተገው ሳስቷል። ሦስቱም ምስክሮች በእኛ ላይ መሰከሩ። ጎማው መናኛ አልነበረም፤ የሰጠነው መንገድ ነበር መናኛው።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ቅዳሜ ሠራን። የተማርነውንም እንደሚከተለው እናካፍላችኋለን።

አንደኛ፤ ቱቦ ከእሳት ይራቅ። ጭነት በበዛበት ጊዜ ወደ ቱርቦው የሚገባው ጭስ ከ500 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ የውሃ ቱቦ ጎማ ግን ይህን ሊችል አልተሠራም። ቢቻል ከአንድ ጋት በላይ ማራቅ፥ ባይቻል በመካከሉ የቆርቆሮ ጋሻ መግጠም ያስፈልጋል። ሞተሩ በጠፋ ጊዜም አደጋው አያልቅም። ፓምፑ ይቆማል፤ ቱርቦው ግን ገና እንደጋለ ነው፤ በቱቦው ውስጥ የቆመውም ውሃ ይቀቀላል። በደጋ ላይ ደግሞ ውሃ ፈጥኖ ይፈላል፤ ክፍት በሆነ ዕቃ በአዲስ አበባ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ቱቦው ባይቃጠል እንኳ ቀዝቃዛ እንዲሆን የተፈለገውን ውሃ በእሳት አጠገብ ማሳለፍ ራሱ ሞኝነት ነው።

ሁለተኛ፤ አየር መውጫ ይኑረው። በውሃ መንገድ ውስጥ የቀረ አየር ወደ ላይ ወጥቶ በጉብታው ላይ ይሰበሰባል፤ ውሃውንም ያግዳል። እኛ በመጀመሪያ ቱቦውን እንደ ግመል ሻኛ ከፍ አድርገን መልሰን አውርደነው ነበር። አሁን ግን የውሃ መሙያው ከሁሉ በላይ፥ ፓምፑ ከሁሉ በታች ሆነ። ፓምፑ ውሃን እንጂ አየርን ሊስብ አይችልምና። ውሃውም ወደ ኢንተርኩለሩ በታችኛው አፍ ገብቶ በላይኛው እንዲወጣ አደረግነው፤ ይህም አረፋውን ጠርጎ እንዲያወጣው ነው።

ሦስተኛ፤ ሞተር እንደሚንቀሳቀስ አትርሱ። ሞተሩ በጎማ ትራስ ላይ ስለ ተቀመጠ ነዳጅ ሲሰጠው ይወዛወዛል፤ ራዲያተሩ ግን በሻንሲው ላይ የታሰረ ነው። በሁለቱ መካከል የሚያልፍ ቱቦ እንደ ክራር ጅማት የተወጠረ ከሆነ አፉን ይነቅላል ወይም ይበጠሳል። ጥቂት ላላ ያለ ቅስት ሊተውለት ይገባል። በጣም ከላላ ደግሞ ከማራገቢያውና ከቀበቶው ጋር ይገናኛል፤ ስለዚህ በየቦታው ይደገፍ። ነገር ግን ከፍሬን ወይም ከነዳጅ ቧንቧ ጋር፥ ከኤሌክትሪክ ሽቦም ጋር ፈጽሞ አይታሰር።

አራተኛ፤ ቱቦ አይሰበር፥ አይፈተግ። ጠባብ መታጠፊያ ላይ ቀጥ ያለውን ቱቦ በግድ ከማጠፍ አስቀድሞ ታጥፎ የተሠራ ክርን መግጠም ይሻላል። የብረት ጠርዝ በሚነካበት ስፍራ አሮጌ ቱቦ ሰንጥቆ እንደ ልብስ ማልበስ ነው። ፋሸታውም ከቧንቧው ጫፍ ጉብታ በስተኋላ ይሁን፤ ጎማውን እስኪቈርጥ ድረስ አይጥበቅ፤ ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘም በኋላ እንደ ገና ይታይ።

አምስተኛ፤ ሳትቆርጡ ለኩ። እኛ በሁለተኛው ጊዜ ቱቦውን ከመቍረጣችን በፊት ወፍራም ሽቦ አጣጥፈን መንገዱን ሁሉ አሳለፍነው። ሞተሩን አስነሥተን የሚነካውንና የማይነካውን በጠመኔ ምልክት አደረግን። ከዚያ በኋላ ነው ቢላዋ ያነሣነው። አዲሱ መንገድ ከፊተኛው በ40 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ነገር ግን ደኅና ነው። በመጨረሻም ፓምፑን ብቻ አስነሥተን አረፋው እስኪያልቅ ጠበቅን። ክዳኑ የሚከፈተው ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው፤ የጋለ ውሃ ፊት ያቃጥላልና ይህን ለታናናሾቻችን አጥብቀን እንነግራለን።

የመጀመሪያው ጉዞ በሆነ ቀን ጋሼ ጎሐ ጽዮን ላይ ቆመው ስልክ ደወሉ። ወደ ኢንተርኩለሩ የሚገባውን ቱቦ በእጃቸው ነክተው ቀዝቃዛ፥ የሚወጣውን ነክተው ሞቅ ያለ ሆኖ እንዳገኙት ነገሩን። ይህ ማለት ውሃው ሥራውን ይሠራል ማለት ነው። ስልኩን የያዘችው ጓደኛችን ነበረች፤ እርስዋም ወደ እኛ ዘወር ብላ «ወጥተዋል» አለች። በዚያ ቀን ሌላ ሽልማት አላስፈለገንም። የተቀነሰባቸውን ገንዘብም ከክበባችን መዋጮ እንክፈል ብንላቸው ጋሼ «ቱቦውን በየወሩ እዩልኝ፤ ይበቃኛል» ብለው እንቢ አሉን። በየወሩም እናያለን።

ክቡራንና ክቡራት፤ ከዚህ የተረዳነው ነገር አንድ ነው። ሥራ ትንሽ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው ጉዳቱ በእርሱ ላይ ሳይሆን በሌላ ሰው ላይ፥ በሌሊት፥ በዳገት ላይ ይደርሳል። ሠሪው በቤቱ ተኝቶ ሳለ የሚያድረው ሌላው ነው። ስለዚህ ታናናሾቻችን ሆይ፥ የሠራችሁት ነገር ሲበላሽ ዕቃውን ከመውቀሳችሁ በፊት ወደ ቦታው መልሳችሁ እዩት። ወላጆቻችን ሆይ፥ በቅዳሜ እጃችን ጠቍሮ፥ ልብሳችን ዘይት ነክቶት ስንመጣ ታገሡን፤ በዚያ ጥቍረት ውስጥ ትምህርት አለና። የተሰነጠቀው ቱቦ ዛሬም በክበባችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። ከንግግሩ በኋላ መጥታችሁ እንድታዩት በአክብሮት እንጋብዛችኋለን።