ብስክሌት ከመኪና ኋላ

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ የሱዳኑ ጦርነት በ2023 እ.ኤ.አ. ከመፈንዳቱ በፊት፣ ከካይሮ ወደ ኬፕታውን የሚጓዙ፣ ውስጣቸው የሚታደርባቸው መኪኖች ካርቱም አረፍ ብለው በገዳሪፍና በመተማ ወደ ጎንደር ይዘልቁ ነበር። አንዳንዱ ከኋላው ብስክሌት ጭኖ ነው። የብስክሌት ማቀፊያ ከኋላ መግጠም ቀላል ይመስላል፤ ሂሳቡ ግን ያታልላል። ማቀፊያው 10፣ ሁለቱ ብስክሌቶች 30 ኪሎ ይመዝኑ እንበል። ከኋላ አክስል 1.5 ሜትር አልፎ የተንጠለጠለ 40 ኪሎ፣ በአክስሎቹ መካከል 3 ሜትር ባለው መኪና ላይ፣ ኋላውን በ60 ኪሎ ይጫናል፤ ፊቱን በ20 ያቀለዋል። መሪው የሚቀልላችሁ ለዚህ ነው። ባለጋራዡ «ይይዛል» ቢላችሁም ቆርቆሮው ላይ አታስሩ፤ ሸክሙን ሻንሲው ይቻለው። ታርጋና መብራት አይሸፈን፤ የብስክሌቱ ጎማ ከጭስ ማውጫው ይራቅ። ኮረኮንች ላይ ጥቂት እንደነዳችሁ ወርዳችሁ ብሎኖቹን ደግማችሁ አጥብቁ።

(ሙዚቃ)